ትንሿን የፓራግላይዲንግ ክንፍ እንዴት እንደምትዘረጉ፣ እንደምታነሱና በሰላም እንደምታርፉ

እስራኤል ውስጥ፣ ኔታንያ የባሕር ገደል ላይ ክንፌን፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥለን የምንበርበትን ጨርቅ፣ ስጠቀልል ሁሌ አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ይቆማል። ብዙ ጊዜ የኛው ልጅ ነው፤ ከተማዋ ውስጥ ብዙ ነን። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ይቺ ትንሿ ናት አይደል? ለጀማሪ እሷ አትሻልም?» ቦርሳዋ ቀላል ስለሆነና ያገለገለች ስትሸጥ ረከስ ስለምትል ለጀማሪ የተሠራች ትመስላለች።

አይደለችም። ትንሿ ክንፍ ትፈጥናለች፣ ቶሎ ትዞራለች፣ ስትሳሳቱ የምትሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው። ኮርስ ያልጨረሰ፣ ፈቃድ ያላገኘ፣ በትልቁ የመማሪያ ክንፍ በቂ ሰዓት ያልበረረ ሰው እዚህ ያለውን ይዞ ወደ ገደል እንዳይሄድ እለምናለሁ። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁን ወደ ትንሿ መሸጋገር ለምትፈልጉ ግን፣ በየጊዜው በቃል የምነግራችሁን በቅደም ተከተል ጻፍኩት። እንደ ምሳሌ የያዝኩት 18 ካሬ ሜትር ክንፍና የኔታንያን የባሕር ገደል ነው።

መጀመሪያ ቁጥሯን እንይ

አንድ ሰው ከነዕቃው 90 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በ26 ካሬ ሜትር የመማሪያ ክንፍ ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሸከመው 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በ18ቱ ላይ 5 ኪሎ ይሆናል። ጭነቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ እዚህ ላይ በ20 በመቶ ገደማ። ትልቁ ክንፍ ፍሬን ሳትስቡበት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ትንሿ 44 ትሄዳለች።

7 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ግን መሬት ስትነኩ የምትሸከሙት ኃይል በ44 በመቶ ይጨምራል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚህች ልዩነት ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ክንፏ፣ ከነመመሪያ መጽሐፏና ከመጨረሻ ምርመራዋ ወረቀት ጋር። ያገለገለች ከሆነች ያለ ወረቀቱ አትግዙ።
• ለክብደታችሁ የሚሆን ሃርነስ (ለብሳችሁት በክንፏ ሥር የምትቀመጡበት ማንጠልጠያ)፣ የጀርባ መከላከያ ያለው።
• የመጠባበቂያ ፓራሹት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈትቶ እንደገና የታጠፈ። ታጥፎ የከረመ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይከፈታል።
• ለአየር ስፖርት የተሠራ ሄልሜት። የአውሮፓው ደረጃ ቁጥር ኢ.ኤን. 966 ነው። የብስክሌት ሄልሜት አይተካውም።
• ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ማሰሪያው የሚያልፍበት ብረት መንጠቆ እንዳይሆን፤ ገመድ ይይዛል።
• ጓንት፣ ነፋስ መለኪያ፣ የእጅ ሬዲዮ፣ ፊሽካ።
• ገመድ መቁረጫ ቢላ፣ በአንድ እጅ የሚመዘዝ ቦታ ላይ የታሰረ። ከባሕር አጠገብ ለምትበሩ ግዴታ ነው።
• ቻርጅ የሞላ ስልክ። በእስራኤል የአምቡላንስ ቁጥር 101 ነው።

ደረጃ 1፦ ተመዘኑ

ሄልሜቱን አድርጋችሁ፣ ሃርነሱንና ክንፏን ተሸክማችሁ፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ ሚዛን ላይ ውጡ። ያ ቁጥር ነው ጠቅላላ ክብደታችሁ። ክንፏ ውስጥ የተሰፋች መለያ ጨርቅ አለች፤ ከስንት እስከ ስንት ኪሎ እንደምትሸከም ተጽፎባታል።

መለያዋን እስከ መጨረሻው አንብቡ። አንዳንድ ትንንሽ ክንፎች በዝቅተኛ ክብደት ሲበሩ በአውሮፓው ምደባ «ኤ» ወይም «ቢ» ናቸው፤ ማለትም ረጋ ያሉ። ያው ክንፍ ክብደት ሲጨመርበት «ሲ» ወይም «ዲ» ይሆናል። ጨርቅና ገመዷ ጭነት እንደሚችል ብቻ የተፈተነላት፣ በአየር ላይ ጠባይዋ ግን ጨርሶ ያልተመደበም አለች። ሻጩ «ኤ ናት» ካላችሁ «በስንት ኪሎ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ባሕሩን አንብቡ

ቦርሳውን ሳትከፍቱ ቁጭ በሉ። የኔታንያ ገደል ከ30 እስከ 40 ሜትር ቁመት ይኖረዋል፤ ፊቱም ወደ ምዕራብ ነው። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ገደሉን ሲመታ መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል። የሚያንሳፍፈን እሱ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከምዕራብ መሆን አለበት፣ ቢበዛ ከዚያ 30 ዲግሪ ዘወር ያለ። ከጎን ሲመጣ ገደሉን ታክኮ ያልፋል እንጂ አያነሳም፤ በየጎድጓዳው ውስጥም አዙሪት ይሠራል።

ባሕሩ ራሱ ነፋስ መለኪያ ነው። እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ማለት ሲጀምር ነፋሱ ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ነጩ በየቦታው ከታየ ከ20 እስከ 28 ደርሷል። ባሕሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ የአረፋው ፍንጣቂ መብረር ከጀመረ የዛን ቀን ሥራችሁ ቡና መጠጣት ነው።

ቀጥላችሁ መነሻው ቦታ ላይ ነፋስ መለኪያውን ከፍ አድርጋችሁ ለ10 ደቂቃ ያዙ። ትልቁንም ትንሹንም ቁጥር መዝግቡ። በትንሿ ክንፍ የመጀመሪያ ቀናት ትልቁ ቁጥር ከ25 እንዳይበልጥ። ልምድ ካገኛችሁም በኋላ ከ30 አትለፉ። በሁለቱ መሃል ከ8 በላይ ልዩነት ካለ ነፋሱ ረባሽ ነው፤ አትነሱ።

ለምን 30? ክንፏ በ44 ወደ ፊት ትሄዳለች። ነፋሱ በ30 ሲገፋት የሚተርፋችሁ 14 ነው። ድንገት 38 ቢመጣ 6 ትቀራለች። ከአፋፉ በላይ ነፋሱ ተጨምቆ ስለሚያልፍ ከባሕር ዳርቻው ይበልጥ ይፈጥናል፤ ያቺም 6 ልትጠፋ ትችላለች። ያኔ ወደ ኋላ ትወሰዳላችሁ። ከኋላ ያለው አዙሪት፣ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶና ሕንፃ ነው።

አንድ ነገር አደራ። በፀደይና በመኸር ሻራቭ የሚባለው ሞቃት የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ባሕሩ እንደ መስታወት ሊተኛ ይችላል፤ ለዓይን በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ገደሉ ፊት ያለው አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ ይሽከረከራል፣ እናንተንም ወደ ውሃ ይወስዳል። በምሥራቅ ነፋስ፣ ቢያንስም፣ አንነሳም።

ደረጃ 3፦ ሜዳ ላይ ዘርጉ

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ገደል አጠገብ አትድረሱ። ሰፊ፣ ሣር ያለው፣ ዛፍና ሽቦ የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፤ ነፋሱም ከ12 እስከ 18 ይሁን።

ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ቁሙ። ክንፏ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ በፊታችሁ ትዘረጋለች። በጀርባዋ አስተኟት፤ ሆዷና ገመዶቿ ወደ ሰማይ ይሁኑ። የኋላ ጠርዟ ወደ እናንተ ይቀርባል። አየር የሚገባባቸው አፎች ያሉበት የፊት ጠርዝ ከናንተ ይርቃል። ቅርጿን እንደ ጨረቃ ጠምዘዝ አድርጉት፣ መሃሏ ራቅ፣ ሁለቱ ጫፎች ወደ እናንተ ቀረብ ይበሉ። እንዲህ ሲሆን የመሃል ገመዶች ቀድመው ይወጠራሉ፣ መሃሏ ቀድሞ አየር ይጠጣል፣ ቀጥ ብላ ትነሳለች። ጫፎቿ ከቀደሙ ግን ወደ መሃል ይታጠፋሉ።

ነፋሱ ጠንከር ካለ በሙሉ አትዘርጉ። ሃርነሳችሁ ላይ እስክታያይዙ ድረስ መሃሏን ብቻ ከፍታችሁ ጫፎቹን ጠቅልላችሁ ተዉ። በነፋስ ቀን ዣንጥላ ሲከፈት እጅ እንዴት እንደሚነጥቅ ታውቃላችሁ። እሱ አንድ ካሬ ሜትር አይሞላም።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱን ገመድ በዓይን ተከተሉ

ገመዶቹ በረድፍ ናቸው። የፊቶቹ ኤ፣ ቀጥሎ ቢ፣ ቀጥሎ ሲ፣ መጨረሻ ላይ የኋላ ጠርዙን የሚይዙት የፍሬን ገመዶች። ራይዘር የምንለው ገመዶቹ የሚሰበሰቡበት ጠንካራ ጥብጣብ ነው፤ ሃርነሱ ላይ የሚያያዘው እሱ ነው። በዚህ አዘረጋግ ኤዎቹ ከሁሉም በላይ፣ ፍሬኖቹ ከሁሉም በታች መሆን አለባቸው።

ራይዘሩን በግራ እጅ ያዙ። በቀኝ ጣቶቻችሁ አንድ ረድፍ ለዩ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ክንፏ እያያችሁ ሂዱ። ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ ጣታችሁ ቋጠሮውን ቀድሞ ያገኘዋል።

አንድ ጊዜ ደርቃ የቀረች የእሾህ ጭራሮ፣ የክብሪት እንጨት ግማሽ የምታህል፣ ቀኝ ፍሬን ገመዴ ላይ ተጠምጥማ ሁለት ገመዶችን አስራ ነበር። አላየኋትም። ክንፏ ተነሳች፣ ቀኝ የኋላ ጠርዟ ወደ ታች ተጎትቶ ቀረ፣ ወደ ቀኝ ዞራ ሜዳው ላይ ወደቀች። የሜዳ ልምምድ ላይ ስለነበርኩ አልተጎዳሁም። ገደል ላይ ቢሆን ወደ ግድግዳው ነበር የምታዞረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው እየጠበቀኝም ቢሆን ይህን ደረጃ አላቻኩልም።

ደረጃ 5፦ ሃርነሱን ልበሱ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል

1. ሄልሜት። ከማንኛውም ማያያዣ በፊት። ክንፏ ሳታስቡ ብትነሳ ጭንቅላታችሁ ባዶ እንዳይሆን።
2. የእግር ማሰሪያዎች፣ ሁለቱም። «ቀጭ» ሲል ስሙ፣ ከዚያ ጎትታችሁ ፈትኑ።
3. የደረት ማሰሪያ። ስፋቱ መመሪያው ባለው ልክ ይሁን። በጣም ከላላ ትወዛወዛላችሁ፣ በጣም ከጠበቀ ክንፏ ከታጠፈች ገመድ ሊጠማዘዝ ይችላል።
4. የመጠባበቂያው ፓራሹት ሽቦ በቀለበቱ ውስጥ መኖሩ፣ እጀታውም ቦታው ላይ መሆኑ። በእጃችሁ ዳብሱት፣ ሳታዩ እንድታገኙት።
5. የእግር ማፍጠኛው ገመድ ከራይዘሩ ጋር መያያዙና በነፃ መንቀሳቀሱ።

የእግር ማሰሪያ መርሳት በዚህ ስፖርት ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። ሰውየው ይነሳል፣ በብብቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ክንዱ ይደክማል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ጀማሪ አይደለም። ሃርነሱን ለብሶ ጨዋታ ይዞ ቆይቶ፣ ሙቀት ሲሰማው ፈትቶ፣ ነፋሱ ሲስተካከል በጥድፊያ የተነሳ ሰው ነው። ከፈታችሁ ከቁጥር 1 ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ ፊታችሁን ለክንፏ ሰጥታችሁ ተያያዙ

በነፋስ ቀን የምንነሳው ክንፏን እያየን ነው፤ ካነሳናት በኋላ ዞረን ወደ ባሕሩ እንሄዳለን። ስለዚህ ራይዘሮቹ ከፊታችሁ ተሻግረው ነው የሚያያዙት። የምትዞሩበትን ጎን ምረጡና ዕድሜ ልክ አትለውጡት።

ካራቢነሮቹን፣ ማለትም ራይዘሩን ከሃርነሱ የሚያያይዙትን የብረት ቀለበቶች፣ ቆልፉ። ክንፏን ሳታነሱ ራይዘሮቹን ከፍ አድርጋችሁ ያዙና አንድ ጊዜ ዙሩ። መሻገሩ ተፈትቶ ሁለቱ ራይዘሮች በትከሻዎቻችሁ ግራና ቀኝ ከወጡ ትክክል ነው። አንድ ዙር ተጠምዘው ከቀሩ አያያዛችሁ ተሳስቷል፤ ፈትታችሁ እንደገና። ይቺ 10 ሰከንድ የምትፈጅ ሙከራ ገመድ ተጠምዞ ከመነሳት ታድናለች። ገመዱ ከተጠመዘዘ ፍሬን እንደልብ አይጎተትም።

ደረጃ 7፦ ማንሳት፣ መያዝ፣ መጣል

አብዛኛው ጊዜያችሁ እዚህ ላይ ይዋል። እኔ በአዲስ ክንፍ ቢያንስ 10 ሰዓት መሬት ላይ ሳልሠራ አልነሳም። ለትንሿ ደግሞ ይጨምር እላለሁ።

ኤ ራይዘሮቹን በቀስታ ወደ ራሳችሁ አምጡ። የፊት ጠርዟ ብቻ ቀና ይላል፣ አፎቿ ይከፈታሉ፣ ክንፏ እንደ ግድግዳ ትቆማለች። እዚህ ቆም በሉ። ኪሶቿ ሁሉ ሞልተዋል? አንድ ጫፍ አልታጠፈም? ገመድ አልተጠላለፈም? ግድግዳዋ ሳትስተካከል ማንሳት ችግሩን ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።

አሁን ኤውን ጨመር አድርጉ። ትልቁ ክንፍ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ትንሿ ገመዷ አጭር ስለሆነ ወዲያው ከራሳችሁ በላይ ናት። ስትወጣ ወደ እሷ አንድ ሁለት እርምጃ ሂዱላት። ወደ ኋላ ተደግፎ እንደ ገመድ ጉተታ መታገል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነው፤ ግን ስትደገፉ በገመዱ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ እሷም በኃይል ተወንጭፋ ራሳችሁን ታልፋለች። ስትሄዱላት ጉልበቷ ይቀንሳል። ልክ ከራሳችሁ በላይ ልትደርስ ስትል ኤውን ልቀቁ፣ ሁለቱንም ፍሬን በትንሹ ንኩ፣ ትቆማለች።

ወደ ግራ ስትሄድ እናንተም ወደ ግራ ሂዱ። ሥሯ መግባት ነው ዋናው። ፍሬን የሚጨመረው እግር ከቀደመ በኋላ ነው።

ክንፏ እናንተን ጎትታ ከሄደችስ? ይሄንን ከሌላው ሁሉ በፊት ተለማመዱት። የሲ ራይዘሮቹን ይዛችሁ እስከ ሆዳችሁ ድረስ ሳቡ፣ ወደ እሷም ሩጡ። ክንፏ ቅርጿን አጥታ ትወድቃለች። ወድቃችሁ እየተጎተታችሁ ከሆነ ደግሞ አንዱን ፍሬን ብቻ እስከ መጨረሻው፣ እጅ በእጅ እየተካችሁ፣ ጨርቁ እጃችሁ እስኪገባ ሳቡ።

ይህን የተማርኩት ሣር ላይ 30 ሜትር ያህል በደረቴ ከተጎተትኩ በኋላ ነው። ነፋሱ ከፍ ብሎ ነበር፣ ክንፏ ጣለችኝ፣ እኔም በድንጋጤ ሁለቱንም ፍሬን ግማሽ ድረስ ያዝኩ። ግማሽ ፍሬን አያቆምም። ጨርቁን ጎድጎድ አድርጎ ነፋሱን ይበልጥ እንድትይዝ ያደርጋታል። በያዝኩ ቁጥር ፈጠነች። ጓደኛዬ ሮጦ የክንፏን ጫፍ ረገጠልኝ።

የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ20 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። «ትንሽ ነው የጨመረው» የሚባል ነገር የለም።

ወደሚቀጥለው ከማለፋችሁ በፊት እነዚህን ፈትኑ፦

• ክንፏን ከራስ በላይ ለ2 ደቂቃ ሳትጥሉ መያዝ።
• ይዛችኋት 20 እርምጃ ወደ ግራ፣ 20 ወደ ቀኝ መሄድ።
• አንዱን ጫፏን መሬት አስነክቶ መልሶ ማንሳት።
• ወደ ነፋሱ ዞሮ፣ ቀና ሳይሉ፣ በወገብና በእጅ ስሜት ብቻ ለ1 ደቂቃ መያዝ።
• ጓደኛ «ጣል!» ሲል በ2 ሰከንድ ውስጥ መጣል።

ከ10 ሙከራ 10ሩም መሳካት አለበት። 8 ከሆነ ነገ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ መነሳት

የመጀመሪያውን በረራ ከአስተማሪ ጋር፣ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ከዝቅተኛ ተዳፋት ላይ አድርጉት። ቀጥ ብሎ መውረድና ማረፍ፣ ሌላ ምንም የለም። ትንሿ ቁልቁል ስትሄድ ምን ያህል እንደምትፈጥንና ስታርፉ ምን እንደምትፈልግ በሰውነታችሁ ካወቃችሁ በኋላ ነው ወደ ገደሉ የምትመጡት።

ገደሉ ላይ ደግሞ፦ አለቱ ኩርካር የሚባለው አሸዋማ ድንጋይ ነው። ይፈረፈራል፣ ከሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ ሙሉ የሚመስል ቦታ ብዙ ነው። ተነሺዎች ከሚጠቀሙበት ቦታ ውጭ ጫፉ ላይ አትቁሙ።

ከመነሳታችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ አምስቱን ቁጠሩ፦ ማሰሪያዎቼ፣ ገመዶቼ፣ ክንፌ፣ ነፋሱ፣ አየሩ ክፍት መሆኑ። ድምፅ ማውጣቱ ጥቅም አለው፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው የረሳችሁትን ይሰማል።

ክንፏን አንሱ፣ አቁሙ፣ ቀና ብላችሁ እዩ። ጥርጣሬ ካለ ጣሉ። ሁሉ ነገር ልክ ከሆነ ዙሩ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት ሰጥታችሁ ሂዱ። እግራችሁ መሬት እስኪለቅ፣ ከለቀቀም በኋላ ገደሉን እስክትርቁ ድረስ ቁሙ እንጂ አትቀመጡ። ቶሎ የተቀመጠ ሰው ክንፏ ትንሽ ዝቅ ካለች የሚያርፈው በመቀመጫው ነው።

ደረጃ 9፦ በገደሉ ፊት መብረር

ሁልጊዜ ወደ ባሕሩ ዙሩ፣ ወደ ገደሉ በጭራሽ። ወደ ገደሉ ስትዞሩ ነፋሱ ከኋላ ይመጣል፤ 44ቱ ላይ 25 ይደመርና በ69 ወደ ግድግዳ ትሄዳላችሁ።

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ከመጡ ገደሉ በቀኙ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፣ ምክንያቱም ወደ ቀኝ መሸሻ የለውም። ገደሉ በግራው ያለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ባሕሩ ይውጣ። ትንሿ ክንፍ ከሌሎቹ ስለምትፈጥን ከኋላ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። ከመታጠፋችሁ በፊት በትከሻችሁ ላይ ዞራችሁ እዩ።

ከአፋፉ ወደ ኋላ አትለፉ። ኔታንያ ላይ ከገደሉ ጀርባ ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ነፋስ የተረበሸ ነው። ስትበሩ መሬቱን እያያችሁ ወደ ፊት ምን ያህል እንደምትሄዱ ገምቱ። የሰው እርምጃ ያህል ብቻ ከሆነ ሳትዘገዩ ማፍጠኛውን በእግራችሁ ግፉ፣ ወደ ባሕሩ ፊት ውጡ፣ ወደ ዳርቻው ውረዱና እረፉ። ወደ ኋላ መሄድ ከጀመራችሁ በኋላ ከማሰብ በፊቱ ማሰብ ይሻላል።

የጠበበ ዙር አትዙሩ። ትንሿ በጠባብ ዙር ከፍታ በፍጥነት ትጥላለች። 40 ሜትር ላይ የመጠባበቂያ ፓራሹት መከፈቻ ጊዜውም በጣም ጠባብ ነው። የአካባቢውን የከፍታ ወሰን ደግሞ ከአስተማሪያችሁ አጣሩ፤ በባሕሩ ዳርቻ ሄሊኮፕተርና ትንንሽ አውሮፕላን ይመላለሳል።

ደረጃ 10፦ ማረፍ

ቦታችሁን ገና ከፍ ብላችሁ ሳላችሁ ምረጡ። ልጆችና ዣንጥላ የሌሉበት የዳርቻ ክፍል ይሁን፤ ከውሃውም ራቁ። ወደ ነፋሱ ዙሩ፣ ፍሬኑን ከፍ አድርጋችሁ ፍጥነቷን አቆዩላት። ከታች ነፋሱ ከአፋፉ ይልቅ ደካማ ስለሆነ መሬቱ ከጠበቃችሁት በላይ በፍጥነት ይመጣል። አትደንግጡ።

በትልቁ ክንፍ የለመዳችሁት ቀደም ብሎ ፍሬን መያዝ እዚህ ይጎዳል። 5 ሜትር ላይ ሙሉ ፍሬን ብትይዙ ክንፏ መብረር ታቆማለች፣ እንደ ድንጋይ ትወርዳላችሁ። 2 ሜትር ገደማ ሲቀር ግማሽ፣ እግራችሁ ሊነካ ሲል ሙሉውን፣ በአንድ የማያቋርጥ ስበት። እግር ገጠም፣ ጉልበት ላላ፣ ለመሮጥ ዝግጁ። ከፈጠነ በጎናችሁ ተንከባለሉ እንጂ እጃችሁን አትዘርጉ፤ የእጅ አንጓ ይሰበራል።

መሬት እንደነካችሁ ዙሩ፣ በሲ ራይዘር ጣሏት።

ውሃ ላይ ከወደቃችሁ ክንፏን ተዉት። ሃርነሱ ውስጥ ያለው አየር ፊታችሁን ወደ ታች ሊደፋው ይችላል፣ ገመዱም ይጠመጠማል። ማሰሪያውን ፈትታችሁ ከገመዱ ርቃችሁ ዋኙ፣ ካልተፈታ ቢላዋ። አፈታቱን በየብስ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱ። ብቻችሁን አትብረሩ፤ ያን ጊዜ 101 የሚደውለው ዳርቻ ላይ ያለው ጓደኛችሁ ነው።

ከበረራ በኋላ

አሸዋውን ከጫፎቿ ኪሶች አራግፉ፣ ጨርቁን ከውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የባሕር ውሃ ከነካት በንጹህ ውሃ ያለ ሳሙና እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ጨርቋ ናይለን ነው፣ ፀሐይ ይበላዋል፤ ሳትበሩ ተዘርግታ አትዋል። በሐምሌ ሙቀት መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ አትተዉአት። ገመዷ በጊዜ ብዛት ያጥራል ወይም ይረዝማል፤ ጠባይዋም ከዚያ ጋር ይቀየራል። ስለዚህ መመሪያው በሚለው ሰዓት ወይም ዓመት አስመርምሩ፣ ቀድሞ በመጣው።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ትንሿን ለመብረር ጠንካራ ነፋስ መጠበቅ። ደካማ ነፋስ ስለማያንሳፍፋት ሰው ሳያውቀው 32 እና 35ን እየለመደ ይሄዳል። ነፋሱ ካላነሳችሁ ወርዳችሁ ዳርቻው ላይ እረፉ፣ በደረጃው ውጡና ድገሙ። ምንም አይደለም።

ሌላው ከባድ ሰው «ቀላል ናት» ብሎ መግዛቱ ነው። የቦርሳው ክብደት ከአበራረሯ ጋር አይገናኝም። ከሌላ ሰው ተውሶ ገመዱን ሳይፈትሹ መነሳትም አለ፤ ባለቤቱ ትናንት በሰላም ማረፉ ለዛሬው ገመድ ዋስትና አይደለም።

«አገር ቤት ይዣት ብሄድስ?»

ይሄም ይጠየቃል። ኔታንያ የባሕር ወለል ላይ ናት ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ክንፍ ለመብረር ይበልጥ መፍጠን አለባት። እዚህ 44 የምትሄደው እዚያ ወደ 49 ትጠጋለች። መነሻው ረዥም ሩጫ ይፈልጋል፣ ማረፊያውም ይፈጥናል፣ ሯጩም ትንፋሽ ያጥረዋል። በፀሐያማ ቀትር ከመሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ደግሞ ከባሕር ነፋስ ጋር አይመሳሰልም፤ ድንገት ያነሳል፣ ድንገት ይጥላል። እዚያ የመጀመሪያ በረራችሁ በትልቁ ክንፍ፣ በማለዳ ይሁን። ፈቃዱን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ወረቀቱንም ከክንፏ ጋር ቦርሳው ውስጥ አድርጉት።